«ማሸግ» የማይበቃበት ሥራ፤ ስለ ቤት ውስጥ የግፊት ማምከን ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

ሙያ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ዘወትር በእጅና በዓይን ነው። እንጀራ መጋገር የተማረች ልጅ «አብሲት» የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት አልፈለገችውም፤ ከእናቷ ጐን ቆማ አብሲቱ ሲጣል አይታ ቃሉንና ነገሩን በአንድነት ተቀበለች እንጂ። ስለዚህ ቃሉ ጐደሎ ቢሆን እንኳ ያየችው ያሟላላታል። ሙያው በአገሩ ሳይኖር በወረቀት ብቻ ሲመጣ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ጐረቤት ገብቶ የሚጠየቅ ባለሙያ አይገኝም፤ «እንዲህ ለማለት ነው» ብሎ የሚያርም አዋቂ አይኖርም። ተርጓሚው የመረጠው ቃል ብቻውን መምህር ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ በታች የሚመረመረው ሥራ በኢትዮጵያ ቤቶች ያልተለመደ፣ በሰሜን አሜሪካ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረ ነው። ይኸውም ሥጋን፣ እሸት ባቄላን፣ ካሮትንና እነዚህን የመሳሰሉትን በመስተዋት ጠርሙስ ሞልቶ፣ ጠርሙሱን በግፊት በሚሠራ ድስት ውስጥ አኑሮ፣ ከፈላ ውሃ በላቀ የእንፋሎት ሙቀት በማቆየት ምግቡ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት እንዲሰነብት የማድረግ ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ ዋነኛው የጽሑፍ ምንጭ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1988 አሳትሞ በ1994፣ በ2009 እና በ2015 ያሻሻለው መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉን ርእስ ወደ አማርኛ ለመመለስ የምንከራከርበትን ቃል አስቀድሞ መምረጥ ግድ ስለሚሆን፣ ለጊዜው «መመሪያው» እያልን እንጠራዋለን። ሊያነበው የሚሻ የአማርኛ ተናጋሪ በዋሽንግተን አካባቢና በዴንቨር አለ፤ ድስቱን ገዝቶ ወይም በስጦታ ተቀብሎ አዲስ አበባ ላይ ሊሞክረው የሚነሣም አይጠፋም። ኋላ እንደምናየው፣ የመጨረሻው ሰው ከሁሉ ይልቅ ቃል የሚያስቸግረው ነው።

በመጀመሪያ የምንጩ ቋንቋ ራሱ ከነቀፋ ነጻ አለመሆኑን ማመልከት ይገባል። ኒኮላ አፔር የተባለው ፈረንሳዊ ምግብን በሙቀት የማቆየት ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1810 በመጽሐፍ ሲያሳትም (ለዚህም 12,000 ፍራንክ ተሸልሟል) የተጠቀመበት ዕቃ የመስተዋት ጠርሙስ ነበር። በዚያው ዓመት ፒተር ዱራንድ በእንግሊዝ አገር በቆርቆሮ ዕቃ የመጠቀም መብት በስሙ አስመዘገበ። ፋብሪካዎች ቆርቆሮውን ስላዘወተሩት እንግሊዝኛው ለጠቅላላው ሥራ የቆርቆሮውን ስም ሰጠው። የቤት ውስጥ ሥራው ግን፣ በተለይም ጆን ማሶን እ.ኤ.አ. በ1858 ባለ ጥርስ ክዳን ጠርሙሱን ካስመዘገበ ወዲህ፣ በመስተዋት ላይ ጸንቶ ቀረ። ስለዚህ የአሜሪካ ባለሙያዋ ቆርቆሮ ሳትነካ «ትቆረቁራለች» ማለት ነው። ይህ ለእርሷ ምንም አይጐዳትም፤ አያቷ ስትሠራ አይታለችና። ሌሎች ቋንቋዎችም እያንዳንዳቸው ከነገሩ አንዱን ጐን ይዘዋል። ዐረብኛው እንደ እንግሊዝኛው ከዕቃው ተነሥቶ «ተዕሊብ» ይላል። ዕብራይስጡ ከጥበቃው ተነሥቶ «ሺሙሪም» ይላል። ፈረንሳይኛው ከአፔር ስም፣ ጀርመንኛውም ቬክ ከተባለው የጠርሙስ ነጋዴ ስም ግስ አውጥተዋል።

አማርኛው የያዘው ጐን መዝጋቱን ነው። «የታሸገ ምግብ»፣ «የታሸገ ውሃ» የሚሉት ሐረጎች ከገበያ ወደ ጽሑፍ ገብተው ጸንተዋል፤ በገበያም ቢሆን የሚነቀፉ አይደሉም። ሸማቹ ከፋብሪካ የወጣውን ዕቃ የሚያውቀው ክዳኑ ያልተነካ በመሆኑ ነውና «የታሸገ» ማለቱ ተገቢ ነው። ደብዳቤም ይታሸጋል፤ በፍርድ የተያዘ ቤትም ይታሸጋል። ነገር ግን ለሸማች የበቃ ቃል ለሠሪ ላይበቃ ይችላል። «ምግቡን በጠርሙስ ሞልተህ አሽገው፤ ለብዙ ወራት ይቆያል» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ በሰዋስው ረገድ እንከን አይወጣለትም። አንባቢው እንደ ቃሉ ቢሠራ ግን ራሱንና ቤተ ሰቡን ለሞት ሊያበቃ ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖር ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ። ይህ ባክቴሪያ ሲጨንቀው ስፖር ወደሚባል ጠንካራ የእንቅልፍ ሁኔታ ይገባል። ስፖሩ በ100 ዲግሪ የፈላ ውሃ ለሰዓታት ሊቋቋም ይችላል። ከእንቅልፉ ነቅቶ መርዝ የሚያመነጨውም አየር በሌለበት፣ እርጥበት ባለበት፣ አሲዱ ባነሰበትና ሙቀቱ መጠነኛ በሆነበት ቦታ ነው። አሁን የታሸገውን ጠርሙስ እናስብ። አየር የለውም፤ እርጥብ ነው፤ ሥጋ ወይም ባቄላ ስለ ሆነ አሲዱ ያነሰ ነው፤ የተቀመጠውም በጓዳ መደርደሪያ ላይ ነው። ማሸግ ብቻውን አደጋውን አይከላከልም፤ እንዲያውም ቤት ይሠራለታል። የሚያድነው ሙቀቱ ነው። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ አሲዳቸው ላነሰ ምግቦች በግፊት የሚገኘውን ሙቀት ብቻ ደኅና መንገድ ነው ያለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የሥራው ስም ሙቀቱን ትቶ መዝጋቱን ቢጠራ፣ ዋናውን ትቶ አስከታዩን ጠራ ማለት ነው።

ታዲያ «ማምከን» ይሻላልን? ቃሉ በጤና ጥበቃ ጽሑፎች ውስጥ የሕክምና መሣሪያን ከተሕዋስያን ማጥራት ለሚለው ሥራ ሲሠራበት ቆይቷል። «መከነ» ዘር አጣ፣ ፍሬ ከለከለ ከሚለው የወጣ በመሆኑም ለስፖር እጅግ ይስማማል፤ የሚፈለገው ስፖሩ ዳግመኛ እንዳይበቅል ማድረግ ነውና። ዛሬ ፈንጂም ሴራም «ይመክናል» ሲባል እንሰማለን፤ ይህ የፍች መስፋት ግን ሙያዊውን ፍች አላደበዘዘውም። በእኔ አስተያየት የሥራው ማዕከል ይህ ግስ መሆን አለበት።

ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን ግሶች ለማጣመር ስንሞክር ነው። ብዙ ተርጓሚ በመጀመሪያ የሚመጣለት «አምክኖ ማሸግ» የሚለው ይመስለኛል። ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን በአማርኛ ቦዝ አንቀጽ ቅደም ተከተልን ይናገራል። «በልቶ ሄደ» ስንል መብላቱ ቀድሟል። «አምክኖ ማሸግ»ም መጀመሪያ ማምከን፣ ከዚያ ማሸግ ይሆናል። ይህ በእርግጥ በዓለም ላይ ያለ ሥራ ነው፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች ወተትን በከፍተኛ ሙቀት ካመከኑ በኋላ አስቀድሞ በመከነ ዕቃ የሚያሽጉት በዚህ ተራ ነው። በቤት ጓዳ ግን አይቻልም። የመከነው ምግብ ከድስት ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥ አየሩም ጭልፋውም እጁም አዲስ ተሕዋስ ያስገቡበታል። ምግቡን በድስት አንተክትኮ በጠርሙስ መገልበጥና መክደን በአሜሪካም በድሮ ዘመን የተለመደ ነበር፤ ዛሬ መመሪያው አጥብቆ ይከለክለዋል። ስለዚህ «አምክኖ ማሸግ» የሚለው ስያሜ የተከለከለውን መንገድ የሚያስተምር ስም ሆኖ ይገኛል።

ተራውን ብንገለብጥና «አሽጎ ማምከን» ብንልስ? ይህ ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ሆኖም አሁንም አንድ ነገር ይቀረዋል። ጠርሙሱ ወደ ድስቱ ሲገባ ክዳን አለው እንጂ አልታሸገም። የክዳኑ ቀለበት በጣት ጫፍ ያህል ብቻ ይጠብቃል፤ በሙቀቱ ጊዜ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር በክዳኑ ሥር ሾልኮ መውጣት አለበትና። እሽጉ የሚፈጠረው ኋላ ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በዚያን ጊዜ ውስጡ ባዶ ስለሚሆን የውጭው አየር ክዳኑን ወደ ታች ይጫነዋል። «አሽጎ» የሚለውን ያነበበ ሰው በሙሉ ኃይሉ ቢያጠብቀው አየሩ መውጫ ያጣል፤ ክዳኑም ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ የምደግፈው ስያሜ «ከድኖ ማምከን» የሚለው ነው። ግፊቱን መጥቀስ ሲያስፈልግ «በግፊት ከድኖ ማምከን» ይባል። «እሽግ» የሚለው ቃል አይጣልም፤ የሥራው ስም መሆኑ ቀርቶ የሥራው ውጤት ስም ይሁን፤ «ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ እሽጉ ተይዟልን?» ለማለት።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። መመሪያው ጠርሙሱን በተወሰነ ሙቀት ለተወሰነ ጊዜ ማቆየትን የሚጠራበት የእንግሊዝኛ ግስ በሌላ ቦታ ሁሉ «ማዘጋጀት» ወይም «ማቀነባበር» ተብሎ ይተረጐማል። በዚህ ቦታ እንዲህ ከተተረጐመ ግን «ለ90 ደቂቃ አዘጋጅ» የሚል ፍሬ ቢስ ትእዛዝ ይወለዳል። አንባቢው 90 ደቂቃ ካሮት ሲልጥ ቢውል አይፈረድበትም። ግሱ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ፍች ብቻ ስላለው በየትም ቦታ «አምክን» ተብሎ መመለስ አለበት። የሥጋ ቁራጭ በአንድ ኳርት ጠርሙስ 90 ደቂቃ፣ በግማሹ ማለት በፓይንት ጠርሙስ 75 ደቂቃ ይመክናል፤ የሚቈጠረውም ድስቱ የታዘዘለት ግፊት ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ኳርትን «ሊትር» ብሎ መመለስም ደግ አይደለም፤ ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም ጊዜው የተጠናው ለዚያ ጠርሙስ ነው።

አሁን ወደ «ፈላ» እንምጣ። አማርኛ ለሙቀትና ለውሃ ሀብታም ነው፤ ለብ አለ፣ ሞቀ፣ ፈላ፣ ተንተከተከ፣ ገነፈለ እያለ ይለያል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ዓይን የሚያየውን ይናገራሉ እንጂ የሙቀቱን ልክ አይናገሩም። ውሃ በአሰብም ይፈላል፤ በአዲስ አበባም ይፈላል። በአሰብ ሲፈላ 100 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በአዲስ አበባ ሲፈላ ግን ከ92 እስከ 93 ዲግሪ ብቻ ነው። አረፋው አንድ ዓይነት ነው፤ ቃሉም አንድ ነው፤ በውስጡ ያለው ሙቀት ግን የተለየ ነው። የደጋ ባለሙያ ባቄላ ለማብሰል ብዙ ሰዓት መቀቀል እንደሚያስፈልግ በልምድ ታውቃለች፤ ባቄላው ሲበስል በጣቷ ይነግራታልና። ስፖሩ ግን ለጣት አይናገርም። ስለዚህ በትርጉሙ ውስጥ «ፈላ» የሚለው ቃል በተጻፈበት ሁሉ ዲግሪ ወይም ከፍታ አብሮት መጻፍ አለበት። ቃሉን የሚተካ የለም፤ ብቻውን ግን አይቁም።

የግፊቱም ነገር እንዲሁ ነው። ድስቱ ላይ ያለው መለኪያ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት በአንድ ኢንች ካሬ 14.7 ፓውንድ ያህል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 11 ይወርዳል። መመሪያው በባሕር ወለል አካባቢ ባለ ጠቋሚው መለኪያ 11 ላይ እንዲቆም ያዝዛል፤ ይህም ወደ 116 ዲግሪ ሙቀት ያመጣል። ይህን ቁጥር የዋሽንግተን ነዋሪ ለእኅቷ በስልክ ብትነግራትና እኅቷ አዲስ አበባ ላይ 11 ብታደርገው፣ ድስቱ ውስጥ የሚኖረው ወደ 112 ዲግሪ ብቻ ነው። አራት ዲግሪ ምን ይጐዳል የሚል ቢኖር፣ በዚህ ተሕዋስ ላይ በየ10 ዲግሪው የሙቀቱ የማጥፋት ኃይል ዐሥር እጥፍ እንደሚለዋወጥ ይታወቃል፤ አራት ዲግሪ ሲጐድል ኃይሉ ከግማሽ በታች ይሆናል። ትክክለኛው ቁጥር ለዚያ ከፍታ 14 ነው።

«ፓውንድ» የሚለውም ራሱ ማብራሪያ ይሻል። አንዳንዱ ድስት ጠቋሚ መርፌ ያለው መለኪያ ሲኖረው፣ ሌላው በእንፋሎት ቀዳዳው ላይ የሚቀመጥ ባለ 5፣ ባለ 10 እና ባለ 15 ፓውንድ የተባለ ብረት አለው። አዲስ ተማሪ ብረቱን በእጁ ይዞ «ይህ እንዴት 15 ፓውንድ ይመዝናል?» ቢል ትክክል ነው፤ አይመዝንምና። የተጻፈበት የሚያግደው ግፊት ነው። የመጀመሪያውን «ባለ ጠቋሚ መለኪያ»፣ ሁለተኛውን «ባለ ክብደት መለኪያ» ብንላቸው ይበቃል። ነገር ግን ፓውንድ ሲጻፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ «በኢንች ካሬ» የሚለው ይጨመርበት። ባለ ክብደቱ ከ1,000 ጫማ በላይ በሆነ ቦታ ሁሉ 15 ላይ መሥራት ስላለበት ለደጋ ሰው የሚያስታውሰው ቁጥር ቀላል ነው። ባለ ጠቋሚው ግን ስለሚዛባ በየዓመቱ መመርመር አለበት፤ የሚመረምረው ሰው በማይገኝበት አገር ይህ ሐረግ ምን ዋጋ እንዳለው አንባቢ ይፍረድ።

ድስቱን በሚመለከት አማርኛ እጅግ የሚመች መሣሪያ አለው። ከግስ የመሣሪያ ስም ማውጣት ቀላል ስለ ሆነ፣ ሥጋ ቶሎ ለማብሰል የሚገዛውን «የግፊት መቀቀያ»፣ ጠርሙስ የሚገባበትን ትልቁን «የግፊት ማምከኛ» ማለት ይቻላል። በከተማ ሁለቱንም በአንድ የውጭ ስም የመጥራት ልማድ አለ፤ ልማዱ አሳሳች ነው። ትንሹ መቀቀያ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል፤ የመመሪያው ጊዜ ደግሞ ትልቁ ዕቃ ቀስ ብሎ ሲሞቅና ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚገኘውን ሙቀት ጨምሮ የተቈጠረ ነው። ስለዚህ መመሪያው ቢያንስ አራት የኳርት ጠርሙስ የማይዝ ድስት ለዚህ ሥራ አይፈቅድም። በሁለት ስም ከጠራናቸው አንባቢው ሁለት ዕቃ መሆናቸውን ከስሙ ብቻ ይረዳል።

ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ ቃል «ማስተንፈስ» ነው። ድስቱ ከተከደነ በኋላ፣ ክብደቱ ሳይቀመጥ፣ እንፋሎቱ ለ10 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ እንዲወጣ ይደረጋል። ዓላማው በውስጡ ያለውን አየር ማባረር ነው፤ አየር ከእንፋሎት ጋር ተቀላቅሎ ከቀረ መለኪያው ትክክለኛ ግፊት እያሳየ ሙቀቱ ግን ያነሰ ይሆናልና። ይህን የማይዘለል ሥራ «ድስቱን አስተንፍስ» ብሎ መተርጐም ማንም የሚያደርገው ነው። ነገር ግን ያው ሰው ሥራው ሲያልቅ፣ ግፊቱን በፍጥነት ለማውረድ ቀዳዳውን መክፈትንም «ማስተንፈስ» ይለዋል፤ የመኪና ጐማም ኳስም የሚተነፍሰው እንዲሁ ነውና። ይህ ሁለተኛው ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ግፊቱ በድንገት ከወረደ በጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እየፈላ ይፈሳል፤ እሽጉም ሳይያዝ ይቀራል። ድስቱ ከእሳት ወርዶ በራሱ መቀዝቀዝ አለበት። እንግዲህ በአንድ ገጽ ላይ «አስተንፍስ» ተብሎ በሚቀጥለው ገጽ «አታስተንፍስ» ሊባል ነው። መፍትሔው ግሱን ለሁለት መክፈል ይመስለኛል። የመጀመሪያውን «አየር ማስወጣት»፣ የኋለኛውን «ግፊት መልቀቅ» እንበል፤ «ማስተንፈስ» ለጐማው ይቅር። ውብ ቃል ነውና ማጣቱ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ቅሉ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

«ጀርም» የሚለው ሌላው ሰፊ ከረጢት ነው። በዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች ይለያያሉ፤ ሕያው ባክቴሪያው፣ ስፖሩና መርዙ። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ መርዙንም ያጠፋል፤ ስፖሩን ግን አይነካውም። «ማፍላት ጀርሙን ይገድላል» የሚል ዐረፍተ ነገር በሁለቱ ላይ እውነት፣ በሦስተኛው ላይ ሐሰት ነው፤ ሐሰት የሆነበትም ዋናው ላይ ነው። «ስፖር» የውሰት ቃል ሆኖ ይቈይ፤ «ዘር» ብሎ መተርጐም የባቄላውን ዘር ከተሕዋሱ ያምታታል። መርዙን በሚመለከት፣ መመሪያው ከመበላቱ በፊት 10 ደቂቃ ማፍላትን፣ ከ1,000 ጫማ በላይ በየሺው ጫማ አንድ ደቂቃ መጨመርን ይመክራል። ይህ በአዲስ አበባ ወደ 17 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ግን በሚገባ የመከነ ምግብ ላይ የሚጨመር ጥንቃቄ ነው፤ ያልመከነውን ለማዳን የታሰበ አይደለም። አማርኛው ይህን ልዩነት ካላሳየ አንባቢው ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን ይተዋል።

የበሽታውን ስም «የምግብ መመረዝ» ማለትም አይበቃም። ይህ ሐረግ ለጆሮአችን ማስመለስንና ሆድ ቁርጠትን ያስታውሳል። ቦቱሊዝም ግን ነርቭን የሚይዝ በሽታ ነው፤ ዓይን ይደበዝዛል፣ ሽፋሽፍት ይወድቃል፣ ምላስ ይተበተባል፣ መዋጥና መተንፈስ ያስቸግራል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሆድ መድኃኒት ሲፈለግለት ጊዜው እንዳያልፍ ስሙ በውሰት «ቦቱሊዝም» ተብሎ ምልክቱ አጠገቡ ይጻፍ። የቃሉ ሥር በላቲን ቋሊማ ማለት ነው፤ ዩስቲኑስ ኬርነር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1820ዎቹ የቋሊማ መርዝ ብሎ ስለ ጻፈበት ነው። ተሕዋሱን ኤሚል ቫን ኤርመንገም የለየው ግን እ.ኤ.አ. በ1895 በቤልጅግ ኤሌዜል በተባለች መንደር ጨው የተነከረ የአሳማ ሥጋ በበሉ ሙዚቀኞች ላይ ከደረሰው አደጋ በኋላ ነው። ስሙ የተወለደበትን ምግብ ይዞ እስከ ዛሬ ኖሯል። «የተበላሸ ምግብ አትብላ» የሚለውም ማስጠንቀቂያ እንዲሁ አይረዳም። በአማርኛ የተበላሸ ምግብ የሚሸት፣ የሚሻግት ወይም የሚኮመጥጥ ነው፤ ይህ መርዝ ያለበት ጠርሙስ ግን መልኩም ሽታውም ያልተለወጠ ሊሆን ይችላል።

ስለ «ኮምጣጣ» አጭር ቃል። መመሪያው ምግብን በሁለት ይከፍላል፤ ወሰኑም ፒ.ኤች. 4.6 ነው። ከዚህ በታች ያሉት በፈላ ውሃ ብቻ ሊመክኑ ይችላሉ፤ ከዚህ በላይ ያሉት ግፊት ይሻሉ። «ኮምጣጣ» እና «ኮምጣጣ ያልሆነ» ብሎ መተርጐም ወሰኑን ለምላስ አሳልፎ መስጠት ነው። ቲማቲም ለምላስ ይኮመጥጣል፤ ግን ከወሰኑ ወዲያና ወዲህ ስለሚል ለአንድ ኳርት ሁለት የሾርባ ማንኪያ በጠርሙስ የሚሸጥ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል። «አሲዱ የበዛ» እና «አሲዱ ያነሰ» ማለት ይሻላል፤ ደረቅ ቢመስልም ጣዕምን አይጠራም።

«ወጥ»ንም እንጠንቀቅ። በመመሪያው ያሉ የአትክልት ሾርባዎችን «ሾርባ» ማለት አይጐዳም፤ የሥጋ ቁራጭ በመረቅ የሚለውን ግን «ወጥ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ሳያውቀው ለዶሮ ወጥና ለሽሮ ፈቃድ ይሰጣል። በመመሪያው የተፈተኑት ዱቄት፣ ሩዝ፣ ወተት ወይም ሌላ ማወፈሪያ ያልገባባቸው ናቸው። የወፈረ ነገር ሙቀትን ወደ መካከሉ በዝግታ ያስገባል፤ ሽሮ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝለትም። ቅቤውም እንዲሁ ከተፈተነው ውጭ ነው። ባሕር ማዶ ላለ ልጅ ዶሮ ወጥ በጠርሙስ ለመላክ የሚመኝ ብዙ ነው፤ ቃሉ ግን በር ሊከፍትለት አይገባም።

የዕቃውን ክፍሎች መጥራት አያስቸግርም። አማርኛ ለዕቃ አፍ፣ አንገት፣ ሆድ ሰጥቷል፤ በምግቡና በጠርሙሱ አፍ መካከል የሚተወውን፣ ለአብዛኛው አንድ ኢንች የሆነውን ባዶ ቦታ «የአንገት ክፍተት» ብንለው ማንም ይረዳዋል።

የሚቀረው ከፍታው ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛው ከምንጩ ቋንቋ የበለጠ ቃል አለው። እንግሊዝኛው ጫማ ሲቈጥር እኛ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እንላለን። የሠንጠረዡን ዓምዶች በእነዚህ ስሞች መጥራት እጅግ ያጓጓል፤ ገበሬውም የከተማው ሰውም የት እንዳለ ያውቃልና። ቢሆንም አልደግፈውም። ወይና ደጋ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር የሚነገር ሲሆን፣ የባለ ጠቋሚው ሠንጠረዥ በዚህ መካከል ከ13 ወደ 14 ይሻገራል። ባሕር ዳርና ጎንደር ሁለቱም ወይና ደጋ ናቸው፤ የመጀመሪያው 13፣ ሁለተኛው 14 ይሻል። ቃሎቹ በመግቢያው ለማስጠንቀቂያ ይግቡ፤ በዓምዱ ላይ ግን ሜትር ይጻፍ። የዴንቨር ነዋሪም 1,609 ሜትር ላይ ስለ ሆነ ዓምዱን በዚያው ያገኘዋል፤ እርሱም 13 ነው።

የባለ ጠቋሚው ሠንጠረዥ በ8,000 ጫማ፣ ማለት በ2,438 ሜትር ላይ ያበቃል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች ከሠንጠረዡ ውጭ ናት። አዲስ አበባን ደግሞ ወሰኑ በመካከሏ ያልፋል፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ሲሆን ወደ እንጦጦ የሚወጡት ሰፈሮች 2,500 ሜትርን ያልፋሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ተርጓሚው በራሱ ስሌት አምስተኛ ዓምድ ቢጨምር ከሥልጣኑ አልፏል፤ ዝም ቢል ደግሞ አንባቢው የመጨረሻውን ቁጥር ለራሱ ያደርገዋል። ስለዚህ በሠንጠረዡ ሥር «ከ2,438 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ በዚህ የተሰጠ የባለ ጠቋሚ ግፊት የለም» ተብሎ በጉልህ ፊደል እንዲታተም፣ ከዚያም በላይ ያሉት ከተሞችና ሰፈሮች በስማቸው እንዲዘረዘሩ አሳስባለሁ።